በግፊት የሚይዝ ማጣበቂያ

ስትሪፕ ላይት የገዛ ሰው የጀርባውን ወረቀት ልጦ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ይለጥፈዋል። ሳምንት ሳይሞላ ጫፉ ተላቆ ይንጠለጠላል። የሚወቀሰው ማጣበቂያው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው አለጣጠፉ ላይ ነው።

ይህ ማጣበቂያ በእንግሊዝኛ «ፕሬዠር ሴንሲቲቭ አድሄሲቭ» ይባላል። «ለግፊት ስሱ» ቢባል ሲጫኑት የሚጎዳ ያስመስለዋል፤ «በግፊት የሚይዝ ማጣበቂያ» ግን ሥራውን በቀጥታ ይናገራል። ኮላ ውሃው ተንኖ ሲደርቅ ይይዛል። ይኼኛው አይደርቅም፤ ሁልጊዜ ለስላሳ ነው። ሲጫኑት እንደ ወፍራም ማር ቀስ እያለ ገጹ ላይ ወዳሉት ጥቃቅን ጎድጓዶች ይገባል፤ አያያዙም በነካው ስፋት ልክ ነው። ስኮች፣ ናስትሮ፣ የቁስል ፕላስተር፣ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ሁሉም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሪቻርድ ድሩ የተባለው የስሪ ኤም ኩባንያ ባልደረባ በ1925 እ.ኤ.አ. ለመኪና ቀለም ቀቢዎች የሠራው የወረቀት ፕላስተርም እንዲሁ።

እንግዲህ አቧራ የያዘ ስቱኮ ላይ የተለጠፈ መብራት የያዘው አቧራውን እንጂ ግድግዳውን አይደለም። ምድጃ አጠገብ ያለ ካቢኔት ደግሞ በዓይን የማይታይ ቅባት ይኖረዋል። ካቢኔቱን፣ ብረቱን ወይም መስታወቱን ግማሽ ውሃ ግማሽ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ጨርቅ ጠርጉትና ይድረቅ። የሚረግፍ ቀለም ከሆነ መጀመሪያ ፍቁት። የማጣበቂያውን ፊት በጣት አትንኩ። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣት አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ አምፖሎቹን ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን ክፍት ቦታ።

ጊዜም ይፈልጋል። ለምሳሌ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው የአክሪሊክ ፎም ፕላስተር በመደበኛ የክፍል ሙቀት ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚኖረው ጥንካሬ ግማሽ ያህል ነው፤ ሙሉ የሚሆነው በ72 ሰዓት ነው። ስለዚህ ለጥፎ ወዲያው እየጎተቱ መሞከር ራሱ ማላቀቅ ነው።

ጥግ ላይ ስትሪፑን አጥፎ ማዞር ሌላው ችግር ነው። የታጠፈው ለመቃናት ሌት ተቀን ይገፋል፤ ማጣበቂያውም ቀስ በቀስ ይሸነፋል። የመቁረጫ ምልክቱ ላይ ቆርጦ በአጭር ሽቦ ማገናኘት ይሻላል። በሜትር 14 ዋት ገደማ የሚወስዱት ብሩህ ስትሪፖች ስለሚሞቁና ሙቀቱም ማጣበቂያውን ስለሚያላላ፣ እነሱን የአሉሚኒየም ቦይ ውስጥ አስገቡ። አዳፕተሩ በሽቦው ተንጠልጥሎ ስትሪፑን እንዳይጎትት ለብቻው ይታሰር።