ፍየሏ የወረደችበት ተራራ

ትግራይ ውስጥ፣ ከውቅሮ በስተምዕራብ፣ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባል መንደር አለ። ከአለት የተፈለፈለው ጥንታዊ ቤተክርስቲያኑ የታወቀ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ግን ተራራው ተራቁቶ ነበር። ክረምት ሲገባ ጎርፉ አፈሩን ጠራርጎ ይወርዳል፤ ማሳውን ቦረቦር ይበላዋል። በጋ ሲመጣ ውሃ የለም። ሕዝቡን ነቅሎ ሌላ ቦታ ማስፈር እንኳ ታስቦ ነበር።

ነዋሪው አገራችንን ጥለን አንሄድም ብሎ ቆረጠ። ከፊት የቆሙት አባ ሐዊ እየተባሉ የሚጠሩት ገብረሚካኤል ግደይ ነበሩ።

ሥራውን ከላይ ጀመሩት። ጎርፍ ሸለቆ ከደረሰ በኋላ ጉልበት አግኝቷልና ማን ያቆመዋል? ስለዚህ ከአናቱ እርከን፣ ከእርከኑ በታች ቦይ፣ በየቦረቦሩ የድንጋይ ክትር፣ ከግርጌ ውሃ ማቆሪያ ኩሬ ሠሩ። ውሃው በየደረጃው እያረፈ ወደ ምድር ሰረገ። በትግራይ አቅም ያለው ሁሉ ለዚህ ሥራ በዓመት የተወሰኑ ቀናት ጉልበቱን በነጻ ይሰጥ ነበር።

ድንጋይ መሸከሙ ከባድ ነው። ከእሱ የከበደው ግን ቡቃያውን እንዳትበላ ፍየሏን ከተራራው ማውረድ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ከሁለት ፍየል በቀር ጥሪት የሌላት ሴት ግጦሹ ዛሬ ይዘጋባታል። ውሃው የሚፈልቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያውም ታች ባለ በሌላ ሰው ማሳ። ያለ ስምምነት ይህን የትኛውም አዋጅ አያስፈጽመውም። ሲመክሩ ሲከራከሩ ቆይተው መተዳደሪያ ደንብ አወጡ። ልቅ ግጦሽ ቀረ፤ ሣሩን አጭዶ ለከብት ማብላት ተለመደ። ሞሞና የቆረጠ ይቀጣል ተባለ። ሞሞና በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ለሰብሉ ፀሐይ የሚለቅ፣ በበጋ ለምልሞ ጥላና መኖ የሚሰጥ የግራር ዘመድ ነው። ገበሬ ከዚህ የተሻለ ምን ጎረቤት ይመኛል?

ከዚያ ውሃው ወጣ። በየማሳው የእጅ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ በበጋ አትክልትና ፍራፍሬ ደረሰ፤ ማር ተቆረጠ። በ2012 እ.ኤ.አ. መንደሩ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚመራውን የኢኳተር ሽልማት አገኘ።

በ2020 እ.ኤ.አ. ጦርነት መጣ። ትግራይ ተከባ፣ መብራትና ነዳጅ ተቋርጦ ሳለ፣ ሕዝቡ በብዙ ቦታ ለማገዶና ለከሰል ዛፍ ቆረጠ። ልጆቹ በተራቡበት ሰው ላይ ማን ይፈርዳል? እኔ አልፈርድበትም።

የተቆረጠውን ለመተካት አሁን ስለ ችግኝ ብዙ ይወራል። እኔ ግን ችግኝ ከመቆጠሩ በፊት በየመንደሩ ያ ስብሰባና ያ ደንብ ይቅደም እላለሁ። የተቆረጠ ግራር ሥሩ ካልሞተና ፍየል ካልደረሰበት ራሱ ያቆጠቁጣል። የተደረመሰ ክትር ግን ራሱን አይጠግንም፤ ክረምት ሳይገባ ሰው ድንጋዩን ካልመለሰለት ጎርፉ ቦረቦሩን እንደገና ይከፍተዋል።