ትንሿ መኪና ቁልቁለቱን እንዴት ለመደችው?

ጣርማ በርን በትንሽ መኪና የወረደ ሰው የሚያውቀው አንድ ሽታ አለ፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ በአጎቴ ሰይቸንቶ ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ፣ ዋሻውን አልፈን ብዙም ሳንርቅ ያ ሽታ መጣ። አጎቴ ፍሬኑን ረገጡ። ፔዳሉ ድንጋይ ሆኗል፤ መኪናዋ ግን አልያዝ አለች። ማርሽ ቀንሰው፣ የእጅ ፍሬን ስበው፣ ከገደሉ ማዶ ወዳለው የአፈር ቁልል አስጠጓትና ቆመች።

«ጋሼ፣ ተበላሸች እንዴ?» አልኳቸው።

«አልተበላሸችም፤ ጋለች። ትብረድልን» አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እውነትም ስትበርድ ፍሬኑ እንደ ቀድሞው ያዘ። ደህና የነበረ ነገር በጭንቅ ሰዓት ከድቶ፣ ጭንቁ ሲያልፍ እንዴት ይመለሳል? ይህ ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ ከዓመታት በኋላም የሌላ ትንሽ መኪና ታሪክ ውስጥ ከተተኝ። መኪናዋ ሚኒ ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሚኒን የወለዳት የቤንዚን እጥረት ነው። በ1956 በስዊዝ ቦይ ጠብ ሳቢያ ነዳጅ በብሪታንያ ሲራቆት፣ የብሪቲሽ ሞተር ኮርፖሬሽን አለቃ ሊዮናርድ ሎርድ ነዳጅ ቆጣቢ ትንሽ መኪና እንዲሠራ አሌክ ኢሲጎኒስን አዘዙ። ኢሲጎኒስ በ1906 የተወለደው መጽሐፍ ቅዱሳችን ሰምርኔስ በሚላት፣ ዛሬ ኢዝሚር በምትባለው ከተማ ነው። ሞተሩን አግድም አስተኛው፤ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር ከተተው፤ የፊት እግሮች እንዲጎትቱ አደረገ። ጎማዎቹ ባለ 10 ኢንች ሆነው በአራቱ ማዕዘን ጫፍ ላይ ቆሙ። በሞላ ፈንታም አሌክስ ሞልተን የነደፈው ጎማ መሰል ላስቲክ ገባላት። በ1959 ለገበያ ስትቀርብ ርዝመቷ ሦስት ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ኢሲጎኒስ ያሰበው ለቤተሰብ የሚሆን ቦታ ነበር፤ ሳያስበው ኩርባ ላይ እንደ ፍየል የምትታጠፍ መኪና ሠራ።

መቆሙ ላይ ግን ያቺም እንደ አጎቴ ሰይቸንቶ ነበረች። የአራቱም እግር ፍሬን ታምቡር ነው። በታምቡር ፍሬን ሸራው ከውስጥ ተገፍቶ የብረቱን ከበሮ ያሻል። ሙቀቱ መውጫ የለውም፤ ከበሮው ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይሸሻል፤ የጋለ ሸራም መንከሱን ይተዋል። ያ ጣርማ በር ላይ የከዳን ነገር ይኸው ነው።

መፍትሔው ሳይታወቅ የቀረ አልነበረም። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬንን የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው በ1902 ነው። ጃጓር በ1953 የሌማንን የ24 ሰዓት ውድድር በዲስክ አሸንፏል፤ የፈረንሳዩ ሲትሮየን ዲኤስም በ1955 ይዞት ገበያ ወጥቷል። ዲስኩ በአየር ላይ ተጋልጦ ስለሚዞር ሙቀቱን ይበትናል፤ ቢሰፋም ከሸራው አይሸሽም። ችግሩ በ10 ኢንች ቸርኬ ውስጥ ቦታ ከየት ይምጣ ነው።

በ1959 እና በ1960 የፎርሙላ ዋንን ሻምፒዮና የወሰዱትን መኪኖች የሠራው ጆን ኩፐር የሚኒን ኃይል እንጨምር ብሎ ሲመጣ ኢሲጎኒስ ብዙም አልተደሰተም። ቢሆንም በ1961 ሚኒ ኩፐር ወጣች፤ ሞተሯ 34 ከነበረው የፈረስ ጉልበት ወደ 55 አደገ። ጋዜጣው ሁሉ ያወራው ስለዚህ ቁጥር ነው። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ የፊት እግሮቿ ያገኙት 7 ኢንች ዲስክ ነው። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይወድቃልና የፍሬኑን ሥራ በብዛት የሚሠሩት የፊቶቹ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ያ ዲስክ ትንሽ ሆነና በ1963 በወጣችው ኩፐር ኤስ ወደ 7 ተኩል ኢንች ሰፋ፤ የእግርን ጉልበት የሚያግዝ ሰርቮም ተጨመረ። ግማሽ ኢንች ናት ልዩነቷ!

በ1964 የቤልፋስቱ ፓዲ ሆፕከርክ በዚህችው መኪና የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸነፈ። ይህ ውድድር ኮል ደ ቱሪኒን በመሳሰሉ ጠምዛዛ የአልፕስ መንገዶች ይታወቃል፤ ቱሪኒ 1607 ሜትር ከፍታ ነው። እውነቱን ለመናገር በፈጣን ሰዓት ረገድ ስዊድናዊው ቦ ዩንግፌልት በግዙፉ ፎርድ ፋልከን በልጦ ነበር፤ የሞተር መጠንን የሚያመዛዝነው የነጥብ ስሌት ሚኒን ረድቷታል። በ1965 ግን ፊንላንዳዊው ቲሞ ማኪነን በከባድ በረዶ አሸንፎ አፍ አዘጋ። በ1966 ሦስት ሚኒዎች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ገቡና በፊት መብራታቸው ሰበብ ተሰረዙ፤ ድሉ ለሲትሮየን ተሰጠ። እንግሊዞች እስካሁን ያማርራሉ፤ ራውኖ አልቶነን በ1967 ዋንጫውን መልሶላቸዋል።

እኔን የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። ርካሿን ሚኒ የገዛ ተራ ሰው በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቁልቁለቱን በታምቡር ይወርድ ነበር። የሚኒ ዓይነቶች በሙሉ የፊት ዲስክ ያገኙት በ1984 ነው፤ የተራራው ድል ከተገኘ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ቸርኬውም ወደ 12 ኢንች ካደገ ወዲያ። የአጎቴ ሰይቸንቶ እስከ ተሸጠችበት ቀን ድረስ አራት ታምቡር ይዛ ኖረች። ገዢው ሲመጣ ኮፈኑን አስከፍቶ ስለ ሞተሩ ብዙ ጠየቀ።