የእንጦጦው ቤተ መንግሥትና የደኑ ዕዳ

ከአብነትና ከልደታ ሰፈር ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው የእንጦጦ ተራራ ከአዲስ አበባ በላይ ቆሞ ይታያል። በዚሁ ተራራ ላይ፤ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ያሠሩት ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ይገኛል።

ቤተ መንግሥት ሲባል የእብነ በረድ አዳራሽ በልቡ የሚሥል ሰው ይህን ባየ ጊዜ ይደነቃል። ግድግዳው ድንጋይ፤ እንጨትና ጭቃ ነው፤ በኖራም ነጥቷል፤ ክዳኑ ሣር ነው። ከባለጸጋ ገበሬ ቤት የሚለየው በስፋቱ እንጂ በዓይነቱ አይደለም። ምሰሶውም ማገሩም ምርጉም አገሩ የሚያውቀው የአባቶች ጥበብ ነው።

ነገር ግን ይህ አሠራር ዕዳ ነበረበት፤ ይኸውም የእንጨት ዕዳ ነው። ለንጉሡ ቤት፤ ለመኳንንቱ እልፍኝ፤ ለጭፍራው ጎጆና ለየዕለቱ ማገዶ ሲባል የጋራው ደን ተመነጠረ። ሦስት ሺሕ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ ላይ ብርዱና ነፋሱ ጸንቶ ሳለ ማገዶው ራቀ። ስለዚህ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። ምንም እንኳ ዘውዱ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የተደፋው በእንጦጦ ማርያም ቢሆን፤ ከተማው ወደ ታች ወረደ።

ዕዳውም አብሮ ወረደ። በታችም እንጨት ስላነሰ ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ግድም ወደ ምዕራብ፤ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አሰቡ። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስላደገ ግን አዲስ አበባ ከመፈታት ዳነች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

እንግዲህ የእንጦጦን ቤት የሚጎበኝ ሰው የንጉሡን ትሕትና ብቻ አይቶ አይመለስ። ቤቱ ምድር በሰጠችው ተሠራ፤ ምድር መስጠት ባቆመች ጊዜ ነዋሪው ለቀቀው። የተጠረበ ድንጋይ ጠባቂ ባይኖረው እንኳ ብዙ ዘመን ይቆማል፤ የሣርና የጭቃ ቤት ግን በየጊዜው የሚከድነውና የሚመርገው እጅ ካላገኘ ይፈርሳል። ስለዚህ ይህን ቅርስ መጠበቅ ማለት ግድግዳውን ማጠር ብቻ ሳይሆን ሙያውን ለልጅ ማስተማር፤ ዛፉንም መልሶ መትከል ነው።