የኮምፒውተር ሣጥን ማስዋብ
የኮምፒውተር ሣጥን ማስዋብ የጠረጴዛ ኮምፒውተርን ሣጥን በመቁረጥ፣ በመቀባትና መብራት በመግጠም መልኩንና የአየር ዝውውሩን የመለወጥ የእጅ ሥራ ነው። የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ወደዚህ የገፋፉትም የፋብሪካ ሣጥኖች አንድ ዓይነት ግራጫማ መልክና ፕሮሰሰርን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት የሚያስከትለው ሙቀት ነበሩ። በብረቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 80 ወይም 120 ሚሊሜትር ለሆነ ማራገቢያ ቀዳዳ ይወጣል፤ በጎኑም አክሪሊክ፣ ማለትም ብርሃን አሳላፊ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ እንደ መስኮት ይገጠማል። የብረት ብናኝ በማዘርቦርድ፣ ማለትም ክፍሎቹን በሚያገናኘው ዋና ሰሌዳ፣ ላይ ቢያርፍ ኮንታክት ሊፈጥር ስለሚችል፣ የውስጥ ዕቃዎቹ ከመቁረጡ በፊት ይወጣሉ። ማራገቢያ የሣጥኑን ውስጥ ከክፍሉ ሙቀት በታች ሊያወርደው ስለማይችል፣ እንደ ሸዋ ሮቢት ባሉ ሞቃታማ የይፋት ቆላዎች ሰፊ የአየር መግቢያና አቧራ የሚያጠልል ወንፊት ከጌጡ ይቀድማሉ። በሣጥኑ ውስጥ ለጌጥ የሚገጠመው ኤልኢዲ መብራት ግን ከውበት በቀር ሌላ ጥቅም የለውም።