ማንም ያልነቀፈው ዕጩ፦ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ዋና ጸሐፊ አመራረጥ

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ለድርጅቱ አንድ «አስተዳደራዊ ዋና ጸሐፊ» እንዲኖር ደነገገ። «አስተዳደራዊ» የተባለው ቅጽል እንዲያው የገባ አልነበረም። ከቅኝ አገዛዝ ገና የተላቀቁት መሪዎች ከገዛ ሉዓላዊነታቸው በላይ የሚቆም ሌላ ባለሥልጣን አልፈለጉም። የዋና ጸሐፊው ተግባር ስብሰባ ማዘጋጀት፣ መዝገብ መያዝና ውሳኔ ማስተላለፍ እንጂ ፖለቲካ መምራት አልነበረም። ይሁን እንጂ ሥልጣኑ የጠበበው ይኸው ወንበር ከፍተኛ ፉክክር የሚካሄድበት ሆነ።

በመጀመሪያው ዓመት ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤቱን የመሩት ኢትዮጵያዊው ዲፕሎማት አቶ ክፍሌ ወዳጆ ነበሩ። ሐምሌ 1956 ዓ.ም. በካይሮ የተሰበሰቡት መሪዎች የድርጅቱ መቀመጫ አዲስ አበባ እንዲሆን ሲወስኑ፣ ለዋና ጸሐፊነት የጊኒውን ዲያሎ ቴሊን መረጡ። እንዲህም መቀመጫው በምሥራቅ አፍሪካ ሲጸና ጸሐፊው ከምዕራብ አፍሪካ ሆነ።

ዲያሎ ቴሊ ግን በቻርተሩ ጠባብ ወሰን ውስጥ ተወስነው የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም። ሐሳባቸውን በግልጽ መናገራቸው ወዳጅ እንዳፈራላቸው ሁሉ ቅሬታም አስነሣባቸው። በ1961 ዓ.ም. በአልጀርስ ዳግመኛ ቢመረጡም፣ ሰኔ 1964 ዓ.ም. በራባት ወንበሩ ለካሜሩኑ ንዞ ኤካንጋኪ ተላለፈ። ዲያሎ ቴሊም ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1969 ዓ.ም. በሴኩ ቱሬ መንግሥት እስር ቤት ውስጥ አረፉ። ኤካንጋኪ በበኩላቸው ሎንሮ የተባለውን የብሪታንያ ኩባንያ የድርጅቱ የነዳጅ ጉዳይ አማካሪ ለማድረግ የገቡት ውል ብርቱ ተቃውሞ ስላስከተለ ሥራቸውን ለመልቀቅ ተገደዱ።

ተተኪውን ለመሰየም ሰኔ 1966 ዓ.ም. በሞቃዲሾ የተደረገው ምርጫ የወንበሩን ጠባይ ገልጦ ያሳየ ነው። ሁለት ብርቱ ዕጩዎች ቀረቡ፤ አንደኛው የሶማሊያው ኦማር አርተህ ጋሊብ፣ ሁለተኛው የዛምቢያው ቬርኖን ምዋንጋ ነበሩ። ሶማሊያ በዚያው ዓመት የካቲት ወር የዐረብ ሊግ አባል ሆና ስለነበረ፣ ፉክክሩ ባመዛኙ በዐረብ አገሮችና ከሰሐራ በስተደቡብ ባሉት መካከል የሚደረግ ሆኖ ታየ። ለኢትዮጵያም ጉዳዩ ከተራ ምርጫ በላይ ነበር። ከቅኝ አገዛዝ የተወረሱ ወሰኖች እንዲከበሩ በካይሮ የተላለፈውን ውሳኔ ሶማሊያ አልተቀበለችውም ነበርና፤ የዋና ጸሐፊው ጽሕፈት ቤት ደግሞ የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው። ድምፅ ደጋግሞ ተሰጠ፤ ሁለቱም በቂ ድምፅ አላገኙም። በመጨረሻ ሁለቱም ወደ ጎን ተትተው፣ እንደ ተሰናባቹ የካሜሩን ሰው የሆኑት ዊሊያም ኤቴኪ ምቡሙዋ ተሰየሙ።

የችግሩ ምንጭ ስሌቱ ላይ ነበር። ለመመረጥ ከአባል አገሮች የሁለት ሦስተኛው ድምፅ ያስፈልጋል። በጊዜው ከነበሩት 42 አባሎች 28ቱ መስማማት ነበረባቸው ማለት ነው፤ 15 አገሮች ከተባበሩ ማንንም ሊከለክሉ ይችላሉ። ደንቡ ተመራጩ የሰፊ አመኔታ ባለቤት እንዲሆን ታስቦ የወጣ ሲሆን፣ በተግባር ግን የመከልከልን ኃይል ለአነስተኛው ወገን አስረከበ። በዚህም ምክንያት ወንበሩ ብዙዎች ለሚፈልጉት ሳይሆን ማንም ለማይነቅፈው ሰው የሚደርስበት ጊዜ መጣ። በወሎ ደጋ፣ በአቀስታም ሆነ በመካነ ሰላም፣ ባለጉዳዮች ሁለቱም የተቀበሉት ሽማግሌ ቃሉ ይከበራል፤ ሁለቱም ወገኖች እሺ ብለው ያስቀመጡት ነውና። በድርጅቱ ግን ያልተነቀፈ ማለት የተደገፈ ማለት አልነበረም። ሁሉም የተቀበለው ጸሐፊ ችግር በገጠመው ጊዜ ከኋላው የሚቆም አገር ሊያጣ ይችል ነበር።

ሰኔ 1975 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስምምነት ከናካቴው ታጣ። የቶጎው ኤደም ኮጆ የሥራ ዘመናቸውን ሲፈጽሙ የሚተካቸው ሰው ስላልተገኘ፣ ምክትል የነበሩት ናይጄሪያዊው ፒተር ኦኑ በተጠባባቂነት እስከ ሐምሌ 1977 ዓ.ም. ድረስ ሠሩ። ዘመኑ ግን ተጠባባቂ የሚበቃበት ዘመን አልነበረም። ድርጅቱ በምዕራብ ሰሐራ ጉዳይ ተከፋፍሎ ሳለ ረኃብ ወሎንና ሌሎች ክፍላተ ሀገራትን ይፈጅ ነበር። ኅዳር 1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደው የመሪዎች ጉባኤ ለድርቅና ለረኃብ ልዩ የአስቸኳይ ርዳታ ገንዘብ አቋቋመ፤ ዋና ጸሐፊ ሳይሰይም ግን ተበተነ። ከስምንት ወር በኋላ የኒጀሩ ኢዴ ኡማሩ ተመረጡ፤ በ1981 ዓ.ም. ተመርጠው የተተኳቸው የታንዛኒያው ሳሊም አህመድ ሳሊም እስከ 1994 ዓ.ም. መጀመሪያ በወንበሩ ቆዩ።

ድርጅቱ የአፍሪካ ኅብረት ከሆነ በኋላም የሁለት ሦስተኛው ደንብ አልተለወጠም። ጥር 2004 ዓ.ም. የጋቦኑ ዣን ፒንግና የደቡብ አፍሪካዋ ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ ተፎካክረው ሁለቱም ሳይሳካላቸው ቀረ፤ ዙማ ሐምሌ 8 ቀን በ37 ድምፅ የኮሚሽኑ የመጀመሪያዋ ሴት ሊቀመንበር ሆኑ። የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ይመሩ የነበሩት የኬንያው ራይላ ኦዲንጋ ቀርተው፣ የጅቡቲው ማህሙድ አሊ ዩሱፍ በሰባተኛው ዙር በ33 ድምፅ አሸነፉ።

እንግዲህ ከሞቃዲሾ እስከ አዲስ አበባ የታየው የምርጫ ትግል ወንበሩን ለማግኘት ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ ሌላው እንዳያገኘው ለማድረግም ጭምር እንጂ። አንድ ድርጅት መሪውን የሚመርጠው በመከላከል መንፈስ ከሆነ፣ በችግር ቀን የሚያገኘው መሪም ያንኑ ያህል ኃይል ያለው ይሆናል።