ደፍ እንጂ ጣራ አይደለም

«የመቀበያ ጣራ» የሚለው አጠራር ሥር ሳይሰድ አንድ ነገር ልበል። አዲስ ልማድ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚዛመት በሚያወሱ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሜ አየዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ዋጋ ጣራ ነካ ስንል ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለውም ማለታችን ነው። እዚህ የተፈለገው ግን ሲያመነታ የቆየ ሰው ተሻግሮ የሚገባበት ነጥብ ነው።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር በ1978 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን ምሳሌ ብዙዎች ያውቁታል። 100 ሰዎች አደባባይ ላይ ተሰብስበዋል። አንዱ ማንንም ሳይጠብቅ ይረብሻል፤ ሌላው አንድ ረባሽ ካየ፣ ቀጣዩ ሁለት ካየ፣ እንዲህ እያለ እስከ 99 ይደርሳል። መቶውም ይረብሻሉ። አንድ ብቻ ይበቃው የነበረው ሰው «ሁለት ካላየሁ» ቢል ግን ረብሻው በመጀመሪያው ሰው ላይ ይቀራል።

እያንዳንዱ ሰው ከመነሣቱ በፊት ሊያየው ለሚፈልገው ቁጥር ምን ስም እንስጠው? «ገደብ» የሚሉ አሉ፤ ገደብ ግን እንደ ፍጥነት ገደብ ይከለክላል እንጂ አያሻግርም። «ወለል» ይሻላል፤ የድህነት ወለል ብለን ለምደነዋል። ቢሆንም ወለል ይቆሙበታል እንጂ አይሻገሩትም። «መድረክ» በግዕዝ የበር መግቢያው ነበር፤ ዛሬ ተናጋሪና ዘፋኝ ስለወጡበት ማንም በር ብሎ አይሰማውም።

እኔ «ደፍ» እላለሁ። ደፍ በየቤቱ አለ፤ የአንዱ ዝቅ፣ የሌላው ከፍ ያለ ነው። የግራኖቬተር ሐሳብ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ ቁጥሩ የሕዝቡ ሳይሆን የእያንዳንዱ ሰው ነው። ቃሉ ለመጣመርም አይለግምም፤ ልበ ቀና እንደምንል ደፈ ከፍተኛ፣ ደፈ ዝቅተኛ ማለት እንችላለን። «ባለ ከፍተኛ የመቀበያ ጣራ ግለሰብ» ከማለት ምን ያህል እንደሚገላግል እዩት! አማርኛ ቃል አጥቶ አይደለም፤ እኛ ደጃፉን ሳናይ ስላለፍን ነው።

ደፍ በሎጂክም ይሠራል። የሎጂክ ተመራማሪዎቹ አሌክሳንድሩ ባልታግ፣ ሶንያ ስሜትስና ባልደረቦቻቸው የልማድን መዛመት በሎጂክ ቀመር ሲጽፉ ዕውቀትን ጨመሩበት። ተራው ደንብ «ከጎረቤቶቹ ልማዱን የያዙት ድርሻ ደፉ ላይ ከደረሰ፣ ሰውየው ይቀበላል» ይላል። የእነሱ ደግሞ «ደፉ ላይ መድረሱን ካወቀ ይቀበላል» ይላል። ጎረቤቶቹ ምን እያደረጉ እንደሆነ የማያውቅ ሰው፣ ሁሉም ልማዱን ቢይዙም ካለበት አይነቃነቅም። በሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ደፍን አውጥታችሁ ጣራን አስገቡና አንብቡት።