ግድብም ባትሪ ነው

ዕቁብ ደርሶኝ ቅዳሜ ሾላ ገበያ የሶላር ዋጋ ስጠይቅ ዋልኩ። ፓነሉስ ይቻላል፤ የሚያስወድደው ባትሪው ነው።

ታሪካችንም ይኸው ነው። አፄ ምኒልክ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቤተ መንግሥታቸውን በጄኔሬተር አበሩ፤ ነዳጁ ሲያልቅ መብራቱም ያልቃል። በ1932 እ.ኤ.አ. አቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ። ግድብ እኮ ትልቅ ባትሪ ነው፤ የክረምቱን ውሃ ለበጋ ያስቀምጣል። እንደ ባትሪም ያረጃል። አባ ሳሙኤልን ደለል ሞላው፣ ጥገና አጣ፤ በቻይና ድጋፍ እስኪታደስ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ነበር።

ፀሐይ በነፃ ናት፤ ማስቀመጫዋ ግን በዶላር ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሒሳቡ ከብዷል።

ስለዚህ ሻጩን "ስንት ነው?" ብቻ አትበሉት። "ባትሪው ስንት ዓመት ያገለግላል? መቀየሪያውስ?" በሉት። እኔ ጣሪያው የአከራዬ ስለሆነ ፓነሉን ትቻለሁ። መብራት ሲኖር የምትሞላ፣ ሲጠፋ ለአምፖልና ለስልክ የምትበቃ ትንሽ ባትሪ ልገዛ ነው። የተረፈው ለልጆቹ ደብተር ይሁን።

እናንተስ እንዴት አሰላችሁት?